ሚጣ ማልቀስ ያቆመች ጊዜ

የቦርሳ ፋብሪካው ውስጥ ሁሉም «እሳቷ» ይላታል። ስሟን የሚያስታውስ ቢኖር ደመወዝ የሚከፍለው ሰውዬ ብቻ ነው። ቅጽል ስሙ የወጣላት በሁለት ነገር ነው፤ በእጇና በአፏ። እጇ የተማሪ ቦርሳ ማንገቻ ሲሰፋ ዓይን አይደርስበትም፤ አፏ ደግሞ አንዴ ከተከፈተ መላሽ የለውም። አጠገቧ የሚሰፉት ሴቶች ይፈሯታል። ተቆጣጣሪው ራሱ ሊናገራት ሲፈልግ መጀመሪያ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ከዚያ ሐሳቡን ይቀይርና ሌላዋን ይናገራል። ክፉ ሰው ሆና አይደለም። ተቆጥታ ስትጨርስ ነገሩን እዚያው ረስታው ሥራዋን ትቀጥላለች፤ ሲብሰለሰል የሚውለው ቁጣዋን የቀመሰው ሰው ነው።

እንዲህ ያለች ሴት፣ ሸራና ዚፕ እሺ ብሎ የሚታዘዝላት ሴት፣ አንድ ነገር አቅቷት ኖረ። የልጇ ፀጉር።

ልጅቷ አምስት ዓመቷ ነው፤ ቤት ውስጥ ሚጣ ነው የምትባለው። ፀጉሯ የእናቷ አይደለም። የእናቷ ሉጫ ነው፤ ታጥቦ፣ ባንዴ ተበጥሮ፣ በተገኘው ነገር ታስሮ ወደ ሥራ ይኬዳል፣ አለቀ። የሚጣ ግን ከአባቷ የወረደ ነው። እያንዳንዷ ዘለላ ራሷ ላይ ተጠምጥማ የበቀለች ናት። ሲደርቅ ተሰብስቦ ጆሮዋ ላይ ይቀራል፣ ሲጎትቱት ትከሻዋን አልፎ ይወርዳል፣ ሲለቁት ተመልሶ ቦታው ይገባል። ማታ አሳምረው ቢያስተኙት ጠዋት እርስ በርሱ ተያይዞ፣ ከትራሱ ላይ የለቀመውን ሁሉ ይዞ ይነሳል። አባትየው የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። የራሱን ፀጉር በየጊዜው ተላጭቶ ይገላገላል፤ የልጁን ሲያይ ግን ደስ ይለዋል። «ቁርጥ እኔን» ይልና ጎህ ሳይቀድ ወደ አውቶቡሱ ይሄዳል። ማበጠሩ የማን ነው? እሱን አትጠይቁት።

አማቷ እዚያው ግቢ፣ ጎን ባለችው ክፍል ነው የሚኖሩት። ሚጣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተቀብለው የሚያቆዩዋት እሳቸው ናቸው። ስለ ፀጉሩ ያላቸው ሐሳብ አጭርና ግልጽ ነው፤ ይቆረጥ። ልጃቸውን በምላጭ ነው ያሳደጉት፣ ምንም አልሆነም። እሱ ካልሆነ ደግሞ ለፀጉር ሠሪ ይሰጥ፣ ሰው ይገላገል። ምራትየዋ ሁለቱንም እምቢ አለች፤ እምቢ ያለችውም ለጉራ ብላ አይደለም። ፋብሪካው ትርፍ ሰዓት ያሠራል። እሳቷ ማታ ቤቷ ስትገባ ሚጣ በልታ፣ ታጥባ፣ አያቷ አልጋ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ተሸክማ ወደ ራሷ አልጋ ታዞራታለች፣ ልጅቷ አትነቃም። ልጇን ዓይኗን ገልጣ የምታገኛት ጠዋት ብቻ ነው፤ ከአልጋ ከወረደችበት ጀምሮ የትምህርት ቤቱ ሰርቪስ ጥሩምባ እስኪነፋ ባለችው ጊዜ። ያቺም ጊዜ የፀጉር ናት። ፀጉሩን ቆርጣ ጥላ፣ ወይ ለሌላ ሰው ሰጥታ፣ ልጇን በምን በኩል ልታገኛት ነው?

«የምትበላው ከእጅዎ፣ የምትታጠበው በእጅዎ» አለቻቸው አንድ ቀን። «ፀጉሯን እንኳ ለእኔ ይተዉልኝ።»

አማትየው መልስ የሚያጡ ሴት አይደሉም፤ ያን ቀን ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ታዲያ ያ ጠዋት ምን ይመስል ነበር ብትሉኝ፣ ጦርነት ነበር። እሳቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች። ሚጣን በርጩማ ላይ አስቀምጣ በጉልበቶቿ መሀል ታጣብቃታለች። ከዚያ የራሷን ሉጫ የምታበጥርበትን ጥርሱ የደቀቀ ሚዶ አናቷ ላይ ትሰካና ወደ ታች ትስባለች፤ ደረቁን። እጇ ሸራ የለመደ እጅ ነው፤ ሸራ ሲሸበሸብ መድኃኒቱ ወጥሮ መያዝ ነው። ይሄ ግን በሳቡት ቁጥር ይቋጠራል። ሚዶው ይያዛል፣ የልጅቷ አንገት አብሮ ይሄዳል፣ ጩኸቱ ይጀመራል። ግድግዳ የሚጋራቸው ሰውዬ የማታ ሥራ ሠርቶ ገና መተኛቱ ነውና ግድግዳውን ይደበድባል። አማትየው ከነሌሊት ልብሳቸው በሩ ላይ ይቆሙና ልጅቷን ምን እያደረገቻት እንደሆነ ግቢው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው ይጠይቃሉ። እሳቷ ባንድ አፍ ለሦስት ሰው ትመልሳለች። የሚዶው ጥርስ ይሰበራል። ሰዓቱ ይሄዳል። የፋብሪካው በር ደግሞ ሰው አይጠብቅም፤ ከተዘጋ ተዘጋ ነው፣ የዘገየ ሰው ያን ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል።

አንድ ቀን ተዘጋባት። ዘበኛውን ለመነች፣ ተቆጣች፣ እንደገና ለመነች፤ አልሆነም። በማግስቱ ሚጣ ገና በርጩማው ላይ ሳትደላደል ማልቀስ ስትጀምር፣ እናቷ አገጯን ይዛ ወደ ራሷ አዞረቻት።

«ስሚኝ። አንቺ ስታለቅሺ እጄ ይዘገያል። እጄ ሲዘገይ በሩ ይዘጋብኛል። በሩ ሲዘጋብኝ ሥራ የለኝም። ትናንት የተዘጋብኝ ባንቺ ለቅሶ ነው።»

ይህን ተናግራ፣ እንደ ልማዷ፣ እዚያው ረሳችው።

ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ ቀስ በቀስ ተለወጠ። መጀመሪያ ጩኸቱ ወደ መነጫነጭ ወረደ፣ መነጫነጩ ወደ መተንፈስ፣ መተንፈሱም ጠፋ። ሚጣ በርጩማዋን ራሷ ታመጣለች፣ ትቀመጣለች፣ ሁለት እጇን ጭኗ መሀል ትከታለች፣ ትንፍሽ አትልም። እሳቷ ማመን አቃታት። በዚህ ላይ ሌላ ተአምር ተጨመረ። ድሮ ጠዋት የተሠራው ሹሩባ ማታ ሲታይ ተፈታትቶ፣ ዙሪያው ተነፋፍቶ፣ ያልተነካ ፀጉር መስሎ ነበር የሚገኘው። አሁን ማታ ስታየው እንደ ጠዋቱ ነው። እንዲያውም ከጠዋቱ የተሻለ መሰላት። ሹሩባው ሁሉ በቦታው፣ ማስያዣው በቦታው፣ መሀል አናቷ ላይ የተከፈለው መስመር ጥርት ያለ። «በቃ እጄ ገባው» አለች።

ልብ ላለ ሰው አንዳንድ ነገር ነበር። ማታ ልጅቷን ስታዞራት የፀጉሯ ሥር እርጥበት አለው፤ ሲሮጡ ውለው አልቧት ነው አለች። እሷ ገዝታው የማታውቀው ቅባት ይሸታል፤ የትምህርት ቤቱ ሳሙና ይሆናል አለች። ከተከመረ ማንገቻ መሀል አንዱን አንስታ የማን ስፌት እንደሆነ የምትናገር ሴት፣ የገዛ ልጇ አናት ላይ ያረፈ የሰው እጅ ሳታውቅ ቀረች። ደስ ብሏት እንዴት ትመርምር? ስንት ዘመን ያቃታት ነገር ተሳክቶላት፣ ቁጭ ብላ ለምን ተሳካልኝ ትበል?

ጉራው ተጀመረ። አማቷ ፊት «አሁን እኮ አታለቅስም» የማትልበት ቀን የለም። አማትየውም ምን ያድርጉ፣ አዎ እሱስ ለምዳዋለች አሉ፤ ለጎረቤትም ሳይቀር አወሩላት። ፋብሪካው ውስጥ ከጎኗ የምትሰፋ አንዲት ልጅ እግር ሴት አለች፤ ቃል ስለማይወጣት «ዝምተኛዋ» ይሏታል። እሷም ትንሽ ሴት ልጅ አላት፣ ፀጉሯ ያው የሚጣ ዓይነት። ምሳ ሰዓት ላይ እሳቷ አስተማሪ ሆነችላት። አትራሪላት አለቻት። ከሥሩ ወጥረሽ ሳቢው፤ ትንሽ ቀን ትጮሃለች፣ ከዚያ ትለምደዋለች፣ የእኔን አታያትም ወይ። ዝምተኛዋ እሺ አለች። ሰንብታ እንዴት ሆነ ብትላት ገና ትጮሃለች አለች። ራርተሽላት ነው ብላ ተቆጣቻት።

አንድ ማክሰኞ ቀን ፋብሪካው ውስጥ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩም ትንሽ አጓርቶ ቆመ። ተቆጣጣሪው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ዛሬ በቃ ወደየቤታችሁ አለ። እሳቷ በስንት ጊዜዋ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች ከዚያ በር ወጣች፤ የልጅ ደስታ ነው የተሰማት። መንገድ ላይ ሙዝ ገዛች። ቤት አልሄደችም፣ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደች። ልጄን ራሴ አወጣታለሁ፣ እየበላን በእግራችን እንመለሳለን፣ ስታወራ እሰማታለሁ አለች በልቧ።

የትንንሾቹ ክፍል የእንቅልፍ ሰዓት ላይ ነበር። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም እንድትል ነገራትና በኮሪደሩ አሳለፋት። በበሩ መስታወት ወደ ውስጥ አየች። መጋረጃው ተዘግቷል፣ ሕፃናቱ ፍራሽ ላይ ተደርድረው ተኝተዋል። ሚጣን ከተኙት መሀል ፈለገቻት፣ የለችም።

ጥግ ላይ ናት። ሕፃናቱን የምታስተኛው ሞግዚት፣ ልጆቹ እቴቴ የሚሏት ወፈር ያለች ሴት፣ ግድግዳ ተደግፋ እግሯን ዘርግታ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ሚጣ በእግሮቿ መሀል ናት። ጠዋት እናቷ የሠራችው ሹሩባ አንድም ሳይቀር ተፈትቷል። ሞግዚቷ ልብስ ሲተኮስ በሚረጭበት ዓይነት ውሃ መርጫ ፀጉሩን ታርሰዋለች፣ በመዳፏ ቅባት ታስነካዋለች፣ ትንሽ ዘለላ ትለይና ሥሩን ባንድ እጇ ጭብጥ አድርጋ ትይዛለች፤ ስበቱ ራስ ቅሏ ድረስ እንዳይሄድ ነው። ከዚያ ጥርሱ ሰፋፊ በሆነ ሚዶ ከጫፉ ትጀምራለች። ከአናቱ አይደለም፣ ከጫፉ። ትንሽ ወደ ላይ፣ ደግሞ ትንሽ ወደ ላይ። ሚጣ ደግሞ ታወራለች። በሹክሹክታ፣ እጇን እያወራጨች፣ ስለ ድመት ይሁን ስለ ምን ይሁን፣ አታቋርጥም። ጠዋት ከእናቷ ጋር አንዲት ቃል የማትወጣት ልጅ።

ከሞግዚቷ ጎን መሬት ላይ የፀጉር ማስያዣዎቹ ተደርድረዋል። ቀይ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ከዚያ አረንጓዴዎቹ። እሳቷ ጠዋት ባሰረችበት ተራ ነው የተቀመጡት። እያንዳንዱ ከወጣበት ሹሩባ ተመልሶ እንዲገባ፣ እናት ማታ ስታይ ሌላ እጅ የነካው እንዳይመስላት። እሳቷ ይሄኔ ሁሉም ነገር ገባት። ለካ እጇ አልገባውም። ለካ የእሷ ሹሩባ ዕድሜው እስከ ቀትር ነው።

በሩን ከፈተችው። ሚጣ ቀና ስትል እናቷን አየች። ወሬዋ አፏ ላይ ቀረ፣ ፊቷ ልውጥ አለ።

«እማዬ፣ በሩ ተዘጋብሽ?» አለች። «እኔ እኮ አላለቀስኩም።»

ሞግዚቷ ደንግጣ ስትነሳ ውሃ መርጫው ተንከባለለ፣ አንድ ሕፃን ነቅቶ አየት አደረጋቸውና ተመልሶ ተኛ። ሁለቱ ሴቶች ኮሪደሩ ላይ ወጡ። የእሳቷ አፍ የተከፈተው እዚያ ነው። በሹክሹክታ መቆጣት ሞክራችሁ እንደሆነ አላውቅም፤ ደም ያፈላል። ማን ፈቀደልሽ አለች። ልጄን አስተባብረሽ እኔን መሳቂያ ታደርጊኛለሽ አለች። ለዳይሬክተሯ እነግራለሁ አለች፣ ብዙ አለች። ሞግዚቷ ቅባት የነካ እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣ መሬት መሬቱን እያየች፣ እስኪያልቅ ጠበቀቻት። ከዚያ ነገሩን ከሥሩ ነገረቻት። ትምህርት እንደተጀመረ ሰሞን ሚጣ በእንቅልፍ ሰዓት ራሷን ትራስ ላይ ማድረግ እምቢ እያለች ቁጭ ብላ ታንቀላፋ ነበር። ሞግዚቷ ምን ሆነች ብላ ፀጉሯን ገለጥ ስታደርግ፣ ሹሩባው በተወጠረበት መስመር ሁሉ ሽፍ ብሎ አብጧል። ያን ቀን ፈታችላት። ልጅቷም እንደነበረ መልሺልኝ ብላ ለመነቻት።

«እዚህ ነው የምታለቅሰው» አለች ሞግዚቷ። «አልቅሳ ሲወጣላት ትተኛለች። እቤት ካለቀስኩ የእማዬ ሥራ ይጠፋል አለችኝ። ምን ልበላት?»

«ለእኔ አትነግሪኝም?»

«በወላጆች ቀን ልነግርዎት መጥቼ ነበር» አለች። «ፈራሁዎት።»

እሳቷ ያን የወላጆች ቀን አስታወሰችው። ሰርቪሱ ዘገየ ብላ ሹፌሩንም ዳይሬክተሯንም በሰው ፊት አንድ ላይ ልክ ልካቸውን ነግራቸው የሄደችበት ቀን ነው።

ፀጉሯ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ እንደተፈታ ሚጣን ይዛት ወጣች። ሙዙን ሰጠቻት፤ ልጅቷ ሳትልጠው ይዛው ሄደች። ስታወራ እሰማታለሁ ያለችው ቀርቶ፣ መንገዱን ሙሉ የሰማችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ እቴቴን ተቆጣሻት ወይ የሚል። አልተቆጣኋትም ብላ ዋሸች። ማታ ለባሏ ነገረችው። አውቶቡስ ሲነዳ ውሎ የደከመው ሰው፣ ጫማውን እያወለቀ አዳመጣትና «ታዲያ ተሠራ አይደል? ምን ቸገረሽ?» አላት። እሷ ግን እንዲህ በግና ሳለች ምኑን ታስረዳው? ሞግዚቷ ላይ በግናለች፣ ከሁሉ በላይ ግን ራሷ ላይ። ልጅቷ ላይ ሳይቀር ተናደደች፤ እንዴት አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ያን ያህል ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ችላ ትደብቃለች ብላ። ከዚያ ደግሞ በዚያ በመናደዷ ተናደደች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች።

በማግስቱ ጠዋት ሚጣ በርጩማዋን አምጥታ ተቀመጠች፣ እጇን ጭኗ መሀል ከተተች። እሳቷ ሚዶውን አነሳችው፣ መልሳ አስቀመጠችው። ዛሬ አንሠራም፣ እቴቴ ትሠራሻለች አለቻት። ልጅቷ ፊቷን አጥንታ «ተቆጥተሽ ነው?» አለች። አይ አለቻት። ከዚያ ያቺ ስንት የተጣላችላት የጠዋት ጊዜ ባዶዋን ቀረች። እናትና ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው ጥሩምባውን ጠበቁ። ምን እንደሚባል ሁለቱም አያውቁም። ሚጣ እግሯን ታወዛውዛለች፣ እሳቷ እጇን የምታስቀምጥበት ቦታ አጥታ ቀሚሷን ትጎነትላለች። ሰርቪሱ ሲመጣ ሁለቱም ተገላገሉ። በማግስቱም ያው፣ በሦስተኛው ቀንም ያው።

ፋብሪካ ውስጥ ለዝምተኛዋ መንገር ነበረባት። ሞት ሞት እያላት፣ ያልኩሽን ሁሉ ተዪው፣ ተሳስቼ ነው፣ ልጅሽን ደረቁን እንዳትስቢያት አለቻት። ዝምተኛዋ ከስፌቱ ቀና ሳትል፣ ኧረ እኔ መቼ አደረግሁት አለች። ያን ቀን እሺ ያልሽኝስ ብትላት፣ ፈርቼሽ ነዋ አለቻት። እሳቷ ያን ቀን ማንገቻ አገለባብጣ ሰፍታ መልሳ ስትፈታ ዋለች።

እሑድ ጠዋት ተዘጋጅታ ቀረበች። ጥርሱ ሰፋፊ ሚዶ ገዝታለች፣ ሠፈሩ ውስጥ ልብስ ከሚተኩሰው ልጅ አሮጌ ውሃ መርጫ ለምና አምጥታለች፣ ቅባትም አላት። እንዳየችው አድርጋ ግድግዳ ተደግፋ እግሯን ዘርግታ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሚጣ መጥታ በእግሮቿ መሀል ገባች፤ ጀርባዋ ጣውላ ሆኗል። ቀስ ብላ አረሰችው። ትንሽ ዘለላ ለየች፣ ሥሩን ጨበጠች፣ ከጫፉ ጀመረች። መጀመሪያ ደህና ነበር። ግን እጅ የለመደውን አይተውም፤ ሳታስበው እየፈጠነ መጣ፣ ቋጠሮ ላይ ሲደርስ ሚዶውን ሳብ አደረገው። ሚጣ ትንፍሽ አላለችም።

«ያምሻል?»

«አያመኝም።»

አገጯን ይዛ አዞረቻት። የልጅቷ እንባ ያለ ምንም ድምፅ አገጯ ላይ ደርሶ ይንጠባጠባል፤ ከንፈሯን ነክሳዋለች። ለስንት ጊዜ እንዲህ ስታደርግ ኖራ ይሆን? ጀርባዋን ነበር የምታየው፤ አንድ ቀን አዙራ አላየቻትም። ዛሬ እሑድ ነው አለቻት፣ ዛሬ በር የለም፣ ሲያምሽ ጩኺ። ሚጣ እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ቀጣዩ ቋጠሮ ላይ ሲደርሱ ግን ያው ዝም። ጩኺ እኮ አልኩሽ አለቻት። ዝም። እንደገና ሞከረች፣ ዝም። እዚህ ላይ ያ አመሏ ተነሳ፤ «ጩኺ አልኩሽ እኮ!» ብላ ጮኸችባት። ልጅቷ በድንጋጤ አንገቷን ትከሻዋ ውስጥ ቀበረች። አባትየው ጢሙን በግማሽ ላጭቶ ብቅ ብሎ ምንድን ነው ቢል፣ ውጣልኝ አለችው። ልጅ ለምን አልጮህሽም ተብላ ስትገሠጽ አይቶ የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ሚዶውን ወረወረችው። በዚያች ሰዓት እጇን ቆርጣ ብትጥለው ደስ ባላት። ከዚያ ልጅቷን ሳትነካት ከኋላዋ ተናገረች።

«ሚጣዬ፣ በሩ የሚዘጋው ባንቺ ለቅሶ አይደለም። ዘበኛው ነው የሚዘጋው።»

ልጅቷ ይህን ነገር አሰበችበት።

«ክፉ ነው?»

«በጣም።»

«ስራብ ባለቅስም ይዘጋዋል?»

«ብትስቂም ይዘጋዋል» አለች እናቷ። «አንቺን አያውቅሽም። እጄ ግን ያውቅሻል፤ ስትጮሂ ያቆማል። አምላክን፣ ያቆማል።»

ሚዶውን አንስታ ከጆሮዋ ኋላ ካለው ቋጠሮ ጀመረች፤ እዚያ ነው ክፉው። ትንሽ እንደሄደች ከሚጣ ጉሮሮ «እ» የምትል፣ ለመሰማት እንኳ የማትበቃ ድምፅ ወጣች። እሳቷ እጇን እሳት እንደነካው ሰው መንጭቃ አነሳች። ሚጣ ዞር ብላ የእናቷን እጅ አየችው። ቆሟል። አየር ላይ ነው። ተመልሳ ዞረች። ቀጥሎ «እህ» አለች፣ ጠንከር አድርጋ፤ እጁ ቆመ። ከዚያ እሳቷ ገና ሳትነካት «አመመኝ!» አለች፤ እጁ አሁንም ቆመ። ልጅቷ አንድ ሳቅ አመለጣት። ሳቁ ግን መንገድ ላይ ተሰበረና ወደ ለቅሶ ተለወጠ፤ እንዲህ ያለ ለቅሶ ከዚያ ግቢ ተሰምቶ አያውቅም። ስንት ጠዋት በርጩማ ላይ የተዋጠው ሁሉ ነው የወጣው። እግሯን እየደበደበች፣ ሚዶውን እየገፋች፣ እናቷን በክርኗ እየጎሰመች፣ «አመመኝ፣ አመመኝ፣ አመመኝ» አለች።

ግድግዳው ተደበደበ። አማትየው ባንድ እግራቸው ጫማ አድርገው፣ ባንዱ ሳያደርጉ ሮጠው ደረሱ። በሩን በርግደው ገቡና ያቺን ልጅ ለእኔ ስጪኝ፣ ዛሬ ምን ብታደርጊያት ነው እንዲህ የምትጮኸው፣ ደህና ለምዳው አልነበር ወይ አሉ።

እሳቷ ቀና ብላ አየቻቸው። ልጅቷን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛታለች፣ ሚዶው ፀጉሩ ውስጥ ተሰክቶ ቀርቷል፣ የራሷም ፊት ከልጅቷ ያልተናነሰ ርሷል።

«ይተዉዋት እማማ፣ ትጩህ» አለች። «ገና ግማሹ ነው የተፈታው።»